ከግራው ምሰሶ ሥር

የሚፍታህ ቤት ባለ ሁለት ፎቅ ነው። መሃሉን ከላይ እስከ ታች የሚሰነጥቅ የአየር መውጫ አለው፤ የሁለቱም ፎቅ ወጥ ቤት መስኮት የሚከፈተው ወደዚያ ነው። ላይ የሚወራው ሁሉ ከተጠበሰው ሽንኩርት ሽታ ጋር ወደ ታች ይወርዳል። ታች የምትኖረው የሚፍታህ እኅት ወኒሳ ናት፤ አምሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ አላገባችም። ሐሙስ ጠዋት ሻይዋን ጥዳ ቆማ ሳለች የወንድሟ ሚስት ፈውዚያ በስልክ ስታወራ ሰማች።

«ኧረ ሐጃ፣ እሱን ይተዉት» ትላለች ፈውዚያ። የምታወራው ከሙሽራው እናት ከሐጃ ሸሪፋ ጋር ነበር። «ፎቶ አንሺ ቀጥረናል። የገርጋሬሽ ሰፈሯን ልጅ፤ አዲስ ካሜራ ያላትን። የአክስትየዋ? የእሷማ ካሜራ ለመሸከምም አህያ ይፈልጋል። ደግሞ እሷም ደክማለች፣ ምስኪን። እንደ ሰው መጥታ ትቀመጥ፤ ትብላ፣ ትጠጣ።»

ስልኩ ተዘጋ። ሳህን ከሳህን ተጋጨ። ፈውዚያ ለአንድ ሰው «ተስማሙ» አለች። ያ ሰው ማን እንደሆነ ወኒሳ ያወቀችው ሲመልስ ነው። «እንደፈለጋችሁ» አለች ሱንዱስ። ሱንዱስ የሚፍታህና የፈውዚያ ልጅ፣ የዛሬዋ ሙሽራ ናት። ወኒሳ ሌላ ቃል ይከተል እንደሆነ ጆሮዋን ወደ መስኮቱ አስጠግታ ጠበቀች። ላይ ቧንቧ ተከፈተ፤ ውሃ ፈሰሰ። ሻዩ ገንፍሎ ምድጃውን አጠፋው።

አልጋዋ ላይ የካሜራ ቦርሳው ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። ሁለቱን ባትሪዎች ከማክሰኞ ጀምራ መብራት በመጣ ቁጥር ስትሞላ ሰንብታለች። ሌንሱን በአሮጌ የጥጥ ሻሽ ጠርጋዋለች። ማንም አንሺ ብሎ አልጠየቃትም ነበር፤ እሷም ይጠይቁኛል ብላ አልጠበቀችም። የገዛ ቤቱን ሰው ዳቦ ብላ ብሎ የሚለምን ማን አለ? ክፍሏ ጠባብ ናት፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ቁም ሳጥን፣ ከዳቦ ቤት የተሰጠ የቀን መቁጠሪያ፣ አንድ ወንበር። ከቀን መቁጠሪያው በቀር ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ነገር የለም።

ይህ የሚያስገርመው ሥራዋን የማያውቅን ሰው ነው። በትሪፖሊ የሴቶች ድግስ ላይ ወንድ ሰውም ስልክም አይገባም። ሴቶቹ እንደ ልባቸው ለብሰው፣ ፀጉራቸውን ለቀው ይጨፍራሉ፤ አንዲት ፎቶ ሾልካ ብትወጣ የስንቱን ቤት ታፈርሳለች። ስለዚህ የምትገባው አንዲት ካሜራ ብቻ ናት፤ የያዘቻትም ሴት። የሙሽሪት እናት አዲስ ሚሞሪ ካርድ ከነማሸጊያው ገዝታ ትመጣለች። አንሺዋ ማሸጊያውን በፊቷ ቀድዳ ካርዱን ካሜራው ውስጥ ትከታለች፤ ድግሱ ሲያልቅ አውጥታ በእጇ ታስረክባለች። እናትየው ተቀብላ ደረቷ ውስጥ ትሸጉጠዋለች። አንሺዋ ምንም አታስቀርም። ወኒሳ በአሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ ከስድስት መቶ በላይ ሙሽሮች አንስታለች። ከነዚያ ሁሉ አንዲትም ፎቶ እጇ ላይ የለም። የምትታመነውም በዚህ ነው።

ሚፍታህ እንደ ዘወትሩ ሁለት ዳቦ ይዞ ወረደ። በሩ ላይ ቆመ እንጂ አልገባም። ከእሷ በአራት ዓመት ይበልጣል፤ አሁን ጎብጧል። አልጋው ላይ ያለውን ቦርሳ አየ። ካሜራውን ከማልታ ያመጣላት እሱ ነበር፤ ጉምሩክ እንዳያገኘው በፎጣ ጠቅልሎ። «ሥራ ፈትተሽ አትቀመጪ» ነበር ያላት ያን ጊዜ። ማቀዝቀዣው አጓራ፤ ተንቀጥቅጦም ዝም አለ። መብራት ሄደ ማለት ነው።

«ዛሬ አትድከሚ» አለ ሚፍታህ። «ከሴቶቹ ጋር ቁጭ በይ።»

«እሺ» አለች።

እግሩን ከወለሉ አላነሳም። የሚናገረው ነገር የነበረው ይመስላል። «ዳቦው ትኩስ ነው» አለና ወደ ላይ ወጣ። ወኒሳ ኮቴውን ቆጠረች። አሥራ አራቱ ደረጃዎች አለቁ፤ በር ተከፈተ፤ ተዘጋ።

ሱንዱስ ያደገችው እታች ነው። ፈውዚያ አስተማሪ ስለነበረች ጠዋት ጠዋት ልጅቷን ወኒሳ ጋ ትጥላት ነበር። ካሜራው ሲመጣ ወኒሳ የማንሳት ሥራን የተማረችው በእሷ ፊት ላይ ነው። ልጅቷ ሌንሱን ስታይ ምላሷን ታወጣለች፤ ወይም እንደ እንጨት ትገተራለች። ያን ጊዜ ወኒሳ መላ አገኘች። «ካሜራውን አትዪ» ትላታለች፤ «አገጭሽን ዝቅ አድርጊ። ጆሮዬን እዪ።» ልጅቷ ጆሮዋን ስታይ ፊቷ ይለሰልሳል። በኋላ ስድስት መቶ ሙሽሮችን ያነሳችው በዚያው ቃል ነው። ካርዱ ግን በዚያን ጊዜ አንድ ብቻ ስለነበረ ማታ ማታ ታጠፋውና በማግስቱ ደግማ ታነሳት ነበር። ሱንዱስ በሰባት ዓመቷ «ሳገባ አንቺ ነሽ የምታነሺኝ፤ ሌላ ሰው ካነሳኝ ምላሴን አወጣለሁ» ብላ ነበር። ልጅ ብዙ ነገር ይላል። ወኒሳ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህችን አንዲት ፎቶ ስትጠብቅ ኖራለች።

ዳቦውን አልነካችውም። ጥቁር መጎናጸፊያዋን ለበሰች፤ ቦርሳውን በቀኝ ትከሻዋ አንግታ በታክሲ ወደ ራሺድ መንገድ ሄደች።

የሐጅ ሚሉድ ሱቅ ከአውቶብስ መናኸሪያው በስተጀርባ ነው። ድሮ ካሜራ ይሸጥበት ነበር። አሁን መስታወቱ በስልክ ሽፋንና በቻርጀር ተሞልቷል፤ ካሜራ የቀረው ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ብቻ ነው፤ አቧራ ለብሶ። ሽማግሌው ጄነሬተሩን ሊያስነሳ እየታገለ ነበር። ሲያያት ተወው።

«ሐጅ፣ ይኼ ካሜራ አሁንም ይሠራል ወይስ አይሠራም?» አለች ወኒሳ፤ ሰላምታው እንዳለቀ።

«ስንት ዓመቱ ነው?»

«አሥራ ሰባት።»

«የእኔ ታናሹ ልጅ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ እስከ ዛሬ አይሠራም።» መነጽሩን አደረገ፤ ካሜራውን ተቀብሎ ገለበጠው። የእጅ መያዣው ላይ የነበረው ጎማ አልቆ ለስልሷል፤ ጠርዙ ላይ ጥቁሩ ቀለም ተልጦ ብረቱ ታይቷል። ሌንሱን ፈትቶ ውስጡን በትንሽ ባትሪ አየ። መዝጊያውን ደጋግሞ አስጮኸው፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ያ ድምፅ ወኒሳ እንቅልፍ ውስጥ ሆና እንኳ የምታውቀው ነው። አንድ ገመድ ከኮምፒውተር ጋር አያይዞ ጠበቀ። «መቶ ዘጠና ሺህ ጊዜ ተከፍቶ ተዘግቷል» አለ በመጨረሻ። «ሲሠራ መቶ ሺህ ይበቃዋል የተባለ ነው። ትርፍ ዕድሜ ላይ ነው ያለው፤ እንደ እኔ።»

«ያነሳል ግን።»

«ያነሳል። ጨለማ ላይ ፎቶው አሸዋ አሸዋ ይላል። ቪዲዮ አያውቅም። ከስልክ ጋር አይነጋገርም። ጡብ ያህላል። የዛሬ ልጆች ይኼን ቢያዩ ይስቃሉ።» ቀና ብሎ አያት። «ለመሸጥ ከሆነ ሁለት መቶ ዲናር እሰጥሻለሁ። እሱም ለሌንሱ ነው።»

«እሸጣለሁ አላልኩም።»

«ታዲያ ምን ልበልሽ?»

«እውነቱን ይበሉኝ። አሁንም ሰው ሊሠራበት ይገባል ወይ ነው ያልኩት።»

ሐጅ ሚሉድ መነጽሩን አወለቀ። «ካሜራ እርጎ አይደለም፤ ቀኑ አያልፍበትም» አለ። «ቀኑ የሚያልፍበት ፈላጊው ነው። በጸሐይ ብርሃን የምታነሺበት ከሆነ፣ እኔ ከአዲሶቹ ይልቅ ይኼ የሚያወጣውን የሰው ፊት እወዳለሁ። አዲሶቹ የቆዳን ቀዳዳ ሁሉ ይቆጥራሉ። ይኼ ግን አይቶ እንዳላየ ያልፋል።» ድንገት ካሜራውን አነሳና በእሷ ላይ ደቅኖ ተጫነው። ቀጭ።

«ካርድ የለውም» አለች።

«አውቃለሁ። ያሳያል እንጂ አያስቀምጥም። እዪው።»

ከካሜራው ጀርባ ያለውን ትንሹን መስኮት ወደ እሷ አዞረ። ጥቁር የለበሰች ሴት ታየች፤ ከመጎናጸፊያዋ ጠርዝ ሽበት ሾልኮ ወጥቷል፤ አፏን ግጥም አድርጋለች። ወኒሳ በዚህ መስኮት የራሷን ፊት አይታ አታውቅም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ጠፋ።

«ካርድ ልስጥሽ?» አለ ሐጅ ሚሉድ። «አሮጌ ካርዶች አሉኝ።»

«ምን አደርግበታለሁ? ዛሬ እንግዳ ነኝ» አለች። ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባውም። ለምርመራውም ገንዘብ አልተቀበላትም።

ድግሱ ከሰዓት በኋላ ከዐስር ሶላት ጀምሮ ጀምበር እስክትጠልቅ፣ እስከ መግሪብ ነው። ከጦርነቱ ወዲህ ብዙ ሰው እንዲህ ነው የሚደግሰው፤ ሴቶች ሳይመሽ ወደየቤታቸው እንዲገቡ። ወኒሳ ለእንግድነት የሚሆን ልብስ አጥታ ቆየች። የድግስ ልብሷ ጥቁር ሱሪና ጥቁር ሸሚዝ ነበር፤ ሰው እንዳያያት የተመረጠ። ከቁም ሳጥኑ ታች የእናቷን ብር መስመር ያለው የሐር ልብስ አገኘች፤ ናፍታሊን ይሸታል። ለበሰችው። መኪናዎቹ የላይኛውን ፎቅ ሰዎች ጭነው ጥሩምባ እየነፉ ሲሄዱ ሰማች። አንድ ሰው በሩን ያንኳኳል ብላ ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ ታክሲ ፈለገች። ቦርሳውን ትታ ሦስት እርምጃ ሄዳ ነበር፤ ተመልሳ አነሳችው።

አዳራሹ በር ላይ ስልክ የምትሰበስበው መብሩካ የምትባል ወፍራም ሴት ናት። እያንዳንዱን ስልክ በትንሽ ከረጢት አድርጋ ቁጥር ትሰጣለች። ከወኒሳ ጋር አሥር ዓመት ይተዋወቃሉ።

«ወኒሳ! ዛሬስ ዘገየሽ» አለች መብሩካ። «ያቺ ልጅ ቀድማሽ ገብታለች። ረዳት ቀጠርሽ ብዬ ደስ አለኝ።»

«ረዳቴ አይደለችም። ፎቶ አንሺዋ እሷ ናት። እኔ እንግዳ ነኝ።»

መብሩካ ሐሩን ከላይ እስከ ታች አየችው። «በገዛ ወንድምሽ ልጅ ሠርግ?» አለች። ወኒሳ የቦርሳውን ማንገቻ አስተካከለች። መብሩካ ጉሮሮዋን ጠረገች። «እንግዳ ከሆንሽ ስልክሽን ወዲህ በይ። ቦርሳው ውስጥ ምን አለ?»

«ካሜራ።»

«እንግዳ ካሜራ ይዞ አይገባም። ይኼን ሕግ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ።»

ወኒሳ ካሜራውን አውጥታ የካርዱን በር ከፈተች። መብሩካ ጎንበስ ብላ አየች፤ በሂና የቀላ ጥፍሯን ከተተች። «ባዶ ነው» አለች። «ባዶ ነገር ለምን ትሸከሚያለሽ?»

«ትከሻዬ ለምዶታል። ካልያዝኩት እንደ ሰካራም ያንገዳግደኛል።»

መብሩካ ሳቀች። ድምፅዋንም ዝቅ አደረገች። «ያቺኛዋ ካሜራ ላይ ደግሞ ከአየር ጋር የሚያገናኝ ምልክት አየሁ። እኔን የምትሸውደኝ መስሏት! ምልክቱ ላይ ወፍራም ፕላስተር ለጠፍኩበት። አሁን የትም አትልክም።» በኩራት አየቻት። ወኒሳ ፕላስተር ዋይፋይ እንደማያግድ ታውቃለች። «ደግ አደረግሽ» አለቻትና ገባች።

ውስጡ ሞቋል። ጠረጴዛዎቹ ነጭ ለብሰዋል፤ መቅሩድና ግራይባ የሚባለው ጣፋጭ በየሳህኑ ተደርድሯል፤ የአልሞንድ ጭማቂ በትናንሽ ብርጭቆ ይዞራል። ከፊት ለሙሽሪት ከፍ ያለ ወንበር ተዘጋጅቷል። ከበሮ መቺዎቹ ሴቶች ከበሮአቸውን በከሰል ምድጃ ላይ እያሞቁ ቆዳውን ይወጥራሉ። ወኒሳ ይህን አዳራሽ እንደ መዳፏ ታውቀዋለች። ግራው ምሰሶ ሥር የሚቆም ሰው ከላይኛው መስኮት የሚገባውን የከሰዓት ብርሃን ከሙሽሪት ፊት ላይ ያገኘዋል፤ መሃል የሚቆም ግን አያገኘውም። መሃል ላይ ወጣቷ ፎቶ አንሺ ቆማለች። ማይሱን ትባላለች፤ ቀጭን ናት፤ ካሜራዋ ከእጇ መዳፍ እምብዛም አይበልጥም፤ ጎኑ ላይ ነጭ ፕላስተር ተለጥፎበታል።

ወኒሳ ከኋላ፣ ከአሮጊቶቹ ጠረጴዛ ተቀመጠች። ሙሽሮች ሳሉ ያነሳቻቸው ብዙ ፊቶች አለፉ። ያቺ ሳቋን መግታት አቅቷት የነበረችው፤ ያቺ በሠርጓ ቀን ጫማ ጠቧት ስታለቅስ የነበረችው፤ ያቺ ጥርሷን ለመደበቅ አፏን ዘግታ ቆይታ በመጨረሻ እንደ ሕፃን የሳቀችው። ሁሉንም ታውቃቸዋለች፤ የአንገታቸውን ዘንበል እንኳ ታስታውሳለች። ጥርሷን ትደብቅ የነበረችው መጣች። አሁን ሦስት ልጆች አሏት። ወኒሳ ለሰላምታ ከወንበሯ ብድግ አለች።

«ይኼ ወንበር ሰው አለው?» አለቻት ሴትየዋ፤ ከጎኗ ያለውን ባዶ ወንበር ይዛ።

«የለውም።»

ወንበሩን ይዛ ሄደች። ወኒሳን ከፋት፤ ደግሞም አልከፋትም። እነዚህ ሴቶች ያዩት ጡብ የሚያህለውን ካሜራ ነው እንጂ ከኋላው ያለውን ፊት አይደለም። አጠገቧ ያለችው አሮጊት ሳህኑን ወደ እሷ ገፋ አደረገችና «የማን ወገን ነሽ?» አለቻት።

«የሙሽሪት።»

«ምኗ ነሽ?»

«አክስቷ።»

«ታዲያ እዚህ ከእኛ ጋር ምን ትሠሪያለሽ?» አለች አሮጊቷ፤ መቅሩዱን እያኘከች። ወኒሳ ከሳህኑ አንድ ግራይባ አነሳች።

የከበሮው ምት ተለወጠ። እልልታው ከበሩ በኩል ተነስቶ እንደ ማዕበል ወደ ፊት መጣ። ሁሉም ቆመ። ወኒሳ ማንሳት አላሰበችም ነበር። ከወንበሯ መነሳቷን እንኳ ያወቀችው ከግራው ምሰሶ ሥር ቆማ ራሷን ስታገኝ ነው። እግሯ ራሱ ወስዷት ነበር። ቦርሳው ተከፍቷል። አዳራሹ እስከ ዛሬ በካሜራው ጠባብ ቀዳዳ በኩል ነው የታያት፤ በባዶ ዓይኗ ስታየው የሰው ፊት ሁሉ እርስ በርሱ ተደባለቀባት።

ሱንዱስ ገባች። የወርቅ ዶቃ የከበደበት ትልቅ ልብስ ለብሳለች፤ ከክብደቱ የተነሳ በዝግታ ነው የምትራመደው። ፊቷ ግትር ብሏል፤ የሰባት ዓመቷን ልጅ ይመስላል፤ ልክ ምላሷን ልታወጣ ስትል እንደነበረው። ማይሱን ከመሃል ሆና «ወደዚህ፣ የኔ ቆንጆ! ወደዚህ ሳቂ!» ትላለች። ሱንዱስ አትስቅም። ዓይኖቿ በሰው መሃል አንድ ነገር ይፈልጋሉ። ወኒሳ ካሜራውን አነሳች።

በዚያ ጩኸት መሃል መናገር ከንቱ ነው። አልተናገረችምም። ካሜራውን በቀኝ እጇ ይዛ፣ ግራ እጇን አንስታ የራሷን ጆሮ ነካች፤ ያ ብቻ። ሱንዱስ አየቻት። ቆመች። አገጯ ዝቅ አለ። ፊቷ፣ በረዶ ውሃ እንደሚሆን፣ ከግንባሯ ጀምሮ ቀስ ብሎ ለሰለሰ። የከሰዓቱ ብርሃን ጉንጯ ላይ አረፈ። ወኒሳ ተጫነች። ቀጭ።

ትንሹ መስኮት ላይ ሱንዱስ ወጣች። ስድስት መቶ ሙሽሮች አንስታ ይህን የመሰለ አላገኘችም። አንድ፤ ዓይኖቿ እርጥብ ናቸው። ሁለት፤ የላይኛው ከንፈሯ እንደ ድሮው ወደ ግራ ተነስቷል። ሦስት፤ ጆሮዋን ነው የምታየው፤ የአክስቷን ጆሮ። አራት። ጠፋ።

አንድ እጅ ክንዷን ያዛት። ፈውዚያ ነበረች፤ ፊቷ በዱቄትና በንዴት ነጥቷል። «አብደሻል? በሰው ፊት?» አለች በጥርሷ መሃል። ከበስተጀርባዋ ሹክሹክታ ተነስቷል፤ «ማን ናት የምታነሳው?» «ሁለተኛ ካሜራ ማን አስገባ?» የሙሽራው እናት ሐጃ ሸሪፋ ሰዉን በክርኗ እየከፈለች መጣች። አጭር ሴት ናት፤ የወርቅ አምባሯ እስከ ክንዷ ደርሷል።

«ክፈቺው» አለች።

ወኒሳ የካርዱን በር ከፈተች። ሐጃ ሸሪፋ አየች። ፈውዚያም አየች። በሙሽሪት ዙሪያ ከበሮው አላቆመም፤ በእነሱ ዙሪያ ግን ሴቶቹ ተጠጋጉ።

«ካርድ የለውም» አለች ሐጃ ሸሪፋ። «ታዲያ በምን አነሳሻት?»

«በምንም፣ ሐጃ።»

«ምን አገኘሽበት ታዲያ?»

«አየኋት።»

«ሰው በዓይኑ ማየት አይችልም?»

«ሌላው ይችላል» አለች ወኒሳ። «እኔ እንዲህ ነው የለመድኩት።»

ሐጃ ሸሪፋ ሳቅ የመሰለ ነገር ከአፍንጫዋ አወጣች። ወደ ፈውዚያ ዞረች። «ይቺ ናት ደክማለች ያልሽኝ?» አለች። ከዚያ አምባሯን ከፍ ዝቅ አድርጋ ወደ ዘመዶቿ ተመለሰች። ፈውዚያ የወኒሳን ክንድ ለቀቀች። «ቁጭ በይ» ብቻ አለች፤ ድምፅዋ ግን እንደ መጀመሪያው አልነበረም። ወኒሳ ሄዳ ቁጭ አለች። አሮጊቷ ሳህኑን እንደገና ገፋ አደረገችላት።

ከዚያ በኋላ ድግሱ እንደ ድግስ ሄደ። ሱንዱስ ከፍ ካለው ወንበር ላይ ሆና ወደ ኋላ ጠረጴዛ ማየት አልቻለችም፤ ሰው ከቧታል። የመግሪብ አዛን ሊሰማ ሲል ሙሽሪትን በነጭ ጋቢ ሸፍነው በጎን በር አወጧት። ወኒሳ ያየችው የጋቢውን ጫፍ ብቻ ነው። ሴቶቹ በመብሩካ ጠረጴዛ ዙሪያ ስልካቸውን ለመቀበል ተጋፉ።

«እማማ» የሚል ድምፅ ከኋላዋ መጣ። ማይሱን ነበረች። ከአዳራሹ ወጥ ቤት አጠገብ ባለች የልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ተቀምጣለች፤ ጫማዋን አውልቃለች። «ከምሰሶው ሥር የነበሩት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«ይግቡና አንድ ነገር ይዩልኝ። በአላህ።»

ወኒሳ ገብታ አጠገቧ ተቀመጠች። ማይሱን ካሜራዋን ሰጠቻት፤ ከእንቁላል አይከብድም። መስኮቱ ሰፊና ብሩህ ነው፤ በሙሽሪት እጅጌ ላይ ያለው ዶቃ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ሱንዱስ ስትገባ ነው። ሱንዱስ ቆማ። ሱንዱስ አገጯን ዝቅ አድርጋ። ዘጠኝ ፎቶ ናቸው፤ ፊቷ በሁሉም ውብ ነው፤ በሁሉም ግን ዓይኖቿ ከካሜራው ሸሽተው ወደ ግራ፣ ከፎቶው ውጭ ወዳለ ሰው ያያሉ።

«አንድም ወደ እኔ አላየችም» አለች ማይሱን። «ከዚያ በፊት ያሉት እንደ መታወቂያ ፎቶ ናቸው፤ ግትር። ያማሩት እነዚህ ብቻ ናቸው። የሙሽራው ቤተሰብ ‹ማንን ነው የምታየው?› ይለኛል። ምን ብዬ ልመልስ? እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጋሉ?»

ወኒሳ ፎቶዎቹን እያሳለፈች ደግማ አየቻቸው። ለሙሽሪት እናቶች ስንት ጊዜ ነግራቸዋለች፤ ዓይኗ የሸሸ ሙሽራ ለወሬ በር ትከፍታለች፤ ባል ያያታል፣ አማት ታያታለች፣ በየዓመቱ አልበሙ በተከፈተ ቁጥር ያ ጥያቄ ይነሳል። እሷ እንዲህ ያሉትን ሁልጊዜ ታጠፋ ነበር። ሕጓ ነው።

«ካሜራሽ ጥሩ ነው» አለች።

«የእርስዎን አየሁት። እንዲያ ያለ አሁንም ይሠራል?»

«ይሠራል።» ካሜራውን መለሰችላት። «አጥፊያቸው።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። በኋላ ከወንበሩ ላይ ያነሳሻቸው ይበቃሉ።»

ማይሱን አመነታች፤ ከዚያ አውራ ጣቷን ጫነች። ዶቃው፣ ብርሃኑ፣ ዝቅ ያለው አገጭ አንድ በአንድ ጠፋ። ይህ አጠፋፍ ድምፅ የለውም። ወኒሳ እጆቿን ጭኖቿ ላይ አድርጋ አየች። ሰባት ጠፉ። ስምንተኛው ጠፋ። ውጭ የፈውዚያ ድምፅ «ፎቶ አንሺዋ የታለች? ካርዱን!» እያለ ቀረበ። ማይሱን አውራ ጣቷን በመጨረሻው ላይ አሳረፈች።

«አንዷን ተዪያት» አለች ወኒሳ።

ማይሱን ቀና ብላ አየቻት። ሳትጫን አውራ ጣቷን አነሳች፤ ካርዱን አውጥታ ይዛ ተነሳች። ፈውዚያ በሩ ላይ ቆማ እጇን ዘርግታ ነበር። ወኒሳን አየቻት፤ ዓይኗን ሰበረች። ካርዱን ተቀበለችና ሳታየው ቀሚሷ ውስጥ፣ ደረቷ ሥር ሸጎጠችው።